የዕድላዊት ዕጣ እና የወታደሮቹ ወረቀት

ይርጋለም ስትናደድ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። ይህን የማያውቅ ሰው ተረጋጋች ብሎ ንግግሩን ይቀጥላል፤ ከዚያ በኋላ ለሚደርስበት ኃላፊነቱ የራሱ ነው። እኔ ለዘመናት ስለማውቃት ድምፅዋ መውረድ ሲጀምር ወንበሬን ወደ ኋላ እስባለሁ።

ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች። ከኋላዋ ስልሳ ሕፃን እየጮኸ በበረዶ ላይ ነድታ ሁሉንም በሰላም የምታደርስ ሴት ናት። የዕቁባችን ዳኛም እሷው ናት። እኔ ፀሐዩ እባላለሁ፤ ታክሲ ነድቼ ጡረታ የወጣሁ፣ የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ ብቻ ጸሐፊ ተብዬ የተሾምኩ ሰው ነኝ። ገንዘብ ያዣችን ክፍሉ ነበር። አሌክሳንድሪያ ውስጥ የታክስ ቢሮ ያለው፣ ሱፍ የሚለብስ፣ አማርኛውም እንግሊዝኛውም የሚጣፍጥ ሰው ነው። ታክስ ሲሠራልኝ ሁልጊዜ ተመላሽ ያመጣልኛል፤ ስለዚህ እንደ ሰው እወደው ነበር ማለት እችላለሁ።

ዕቁባችን ሃያ ሰው ነው። በየሁለት ሳምንቱ እሁድ፣ ከቸርች በኋላ፣ ይርጋለም ቤት ከምድር በታች ባለው ቤዝመንት እንሰበሰባለን። ሰው አምስት መቶ ዶላር ይጥላል፤ ዕጣ የወጣለት አስር ሺውን ይዞ ይሄዳል። አንዱ ለመኪና፣ አንዱ አገር ቤት ለሚሠራው ጣሪያ፣ አንዱ ለልጁ ኮሌጅ ያውለዋል። ባንክ የማያበድረው ሰው እኛ ጋ ሲመጣ ብድር አይጠይቅም፤ ተራውን ይጠብቃል። ይርጋለም ይህን ልዩነት በጣም ታከብረዋለች። ዕቁብን "እርዳታ" ብሎ የሚጠራ ሰው ፊቷ ላይ ባይቆም ይሻለዋል።

ጠባይዋ የመጣው ከሥራ ነው። በዲቪ እንደመጣች አዳምስ ሞርጋን አንድ ምግብ ቤት ሳህን ታጥብ ነበር። ሥራ ስትለቅ ባለቤቱ የመጨረሻውን ሁለት ሳምንት ከለከላት። አልቅሳ ወደ ቤቷ አልሄደችም። ዓርብ ምሽት፣ ወረፋ ባለበት ሰዓት፣ በሩ ላይ ቆማ ለሚገባ ሰው ሁሉ በዚያች በምታውቃት እንግሊዝኛ "እዚህ ሠርቼ አልከፈለኝም" ትል ጀመር። ሰውየው ገበታው ሳይሞላ ወጥቶ ከፈላት። ይህን ታሪክ ስትናገር አትኩራራም፤ እንደ ተራ ነገር ነው የምትናገረው። የምትገረመው እንዲያውም ሌላው ሰው እንደሷ ስለማያደርግ ነው።

ወደ ነገሩ ልግባ። ባለፈው መኸር የአሜሪካ መንግሥት ሥራ ሲዘጋ፣ በጀት ሳይጸድቅ ቀርቶ ማለት ነው፣ ከመሐላችን አራት ሰዎች ሥራቸው ቆመ። እዚህ አካባቢ የምንኖር ሰዎች ይህን ነገር ለምደነዋል፤ የመንግሥት ሠራተኛው ቤቱ ይቀመጥና ሲከፈት ውዝፉን ይቀበላል። የኛ ሰዎች ግን የኮንትራት ሠራተኞች ናቸው። ሁለቱ የመንግሥት ሕንፃ ያጸዳሉ፣ አንዱ ጥበቃ ነው፣ ዕድላዊት ደግሞ በአንድ የመንግሥት ሕንፃ ካፌቴሪያ ካሸር ነች። ለነሱ ያለፈ ቀን አለፈ፤ ውዝፍ የሚባል ነገር የለም።

ከአራቱ ያሳሰበችን ዕድላዊት ነበረች። አሌክሳንድሪያ ከአንዲት ትንሽ ልጅ ጋር ለብቻዋ ትኖራለች። ዕጣ ሳይወጣላት ሰባት ሺህ ዶላር ከፍላለች። ዕቁብ ውስጥ የገባ ገንዘብ ደግሞ እንደ ባንክ ሄደህ አታወጣውም፤ ካቋረጥክ ዙሩ ሲያልቅ ይመለስልሃል። የቤት ኪራይ ግን ዙር አይጠብቅም።

ሐሙስ ለት ይርጋለም ኮል አደረገችን። መስመሩ ላይ ዳኛዋ፣ እኔና ክፍሉ ብቻ ነበርን። "ዕጣው ለጊዜው ይቁም፤ እነዚህ አራቱ ያለ ዕጣ በቅድሚያ ይውሰዱ፤ መጀመሪያ ዕድላዊት" አለች። ለተቸገረ ሰው ተራን ማስቀደም በዕቁብ ያለ ነው፤ አዲስ ነገር አልፈጠረችም። እኔ ተስማማሁ። ክፍሉም "በጣም ግሩም ሐሳብ ነው እትዬ ይርጋለም፤ እግዚአብሔር ይስጥዎ" አለ። እሁድ ለሁሉም እስኪነገር ድረስ ነገሩ በኛ ዘንድ ይቆይ ተባለ፤ ሰው መሐል ወሬ ቀድሞ ቅሬታ እንዳይነሣ።

እሁድ ተሰበሰብን። ይርጋለም ቆማ ተናገረች። ሰው ሁሉ "ደግ አደረጋችሁ" አለ፤ አንዲት ሴት እንባዋ መጣ። ያን ጊዜ ክፍሉ ጉሮሮውን ጠርጎ እጁን አነሣ።

"ሐሳቡን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ" አለ። "ለሪከርድ ያህል ግን፣ የዕድላዊት ቦታ አሁን የኔ ነው። ዓርብ ተስማምተን ገዝቼያታለሁ። ሦስት ሺህ አምስት መቶ በእጇ ሰጥቻታለሁ፤ የቀረውን ክፍያ እኔ እጨርሳለሁ። ስለዚህ የዛሬውን የምወስደው እኔ ነኝ።"

 ዕድላዊትን አየናት፤ አንገቷን ደፍታለች።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ሰባት ሺህ የከፈለችበትን ቦታ በግማሹ ሸጠችለት። እሱ ያንን ግማሽና የቀሩትን ጥቂት ዙሮች ከፍሎ አስር ሺህ ሊወስድ ነው፤ ያውም ዛሬውኑ። ተራ ሰው ይህን ቢያደርግ ቁማር ነው እንል ነበር፤ ዕጣዋ መጨረሻ ላይ ሊወጣ ይችላልና። ክፍሉ ግን ቁማር አልተጫወተም። ሐሙስ ስልኩ ላይ ነበር።

 "ዓርብ ስታገኛት ሐሙስ የተባለውን ነገርካት ወይ?" አልኩት።

"በኛ ዘንድ ይቆይ አልተባለም እንዴ ጋሽ ፀሐዩ? ሚስጥር ጠበቅኩ" አለኝ። ይህን ሲል ፊቱ ላይ እፍረት የለም። 

"እኔ ነኝ እሺ ያልኩት" አለች ዕድላዊት፣ ቀና ሳትል። "የቤቱ ባለቤት ሰኞ ትወጫለሽ ብላኝ ነበር። በኔ የተነሣ አትጣሉ፤ ይውሰደው።"

 ይርጋለም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ክፍሉ፣ እስቲ ተቀመጥና እንነጋገር" አለችው። ወንበሬን ሳብኩ።

ክፍሉ አልተቀመጠም። ሲናገር ቆሞ ነው የሚናገረው። "ማንም አላስገደዳትም፤ ራሷ ተናግራለች። የተሸጠ ነገር ተሽጧል። ዛሬ ይህን ካፈረሳችሁ ነገ የተቸገረ ሰው ዕጣውን ልሽጥ ቢል ማን ይገዛዋል? እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ይህች አገር ራሷ በዚህ ላይ ነው የቆመችው። ልጅዎን ይጠይቋት።"

የይርጋለም ልጅ ብሩክታይት ናት። ኮሌጅ ፓርክ ባለው ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ድኅረ ምረቃ ተማሪ ነች፤ እሁድ እሁድ የምትመጣው ለእናቷ ፍቅር ነው እንዳልል ልብሷን ለማጠብ ነው። ማሽኑ እዚያው ቤዝመንት ስላለ፣ ጥግ ላይ ካልሲ እያጠፈች ሁሉንም ሰምታለች። የምታጠናውን ሁላችንም እናውቃለን፤ እናቷ ዓመት ሙሉ "ልጄ የአሜሪካ ወታደሮችን ደመወዝ ነው የምታጠናው" እያለች አሰልችታናለች። እውነቱን ለመናገር ይርጋለም ራሷ ከርዕሱ በላይ ጠይቃት አታውቅም።

"ሊቭ ሚ አውት ኦፍ ኢት፤ እኔን አታስገቡኝ" አለች ብሩክታይት።

"አይሆንም፤ ንገሪያቸው" አለ ክፍሉ። "በፈረንጅ አቆጣጠር በሺህ ሰባት መቶ ዘጠና። ለማን ተከፈለ?"

እናቷ በራሷ ምልክት ሰጠቻት። ብሩክታይት ካልሲውን አስቀምጣ ተናገረች። በአማርኛ ጀምራ፣ ሲቸግራት በእንግሊዝኛ እየተደገፈች የነገረችን እንዲህ ነው፤ እኔ አሳጥሬ ልጻፈው።

አሜሪካ ከእንግሊዝ ጋር ስትዋጋ ለወታደሮቿ የምትከፍለው ገንዘብ አልነበራትም። ጦርነቱ ሲያልቅ በደመወዝ ፈንታ ወረቀት ሰጥታ አሰናበተቻቸው፤ "ይህን ያህል ዕዳ አለብኝ" የሚል ወረቀት። ወታደሩ ቤቱ ሲገባ እርሻው ጠፍ ሆኗል፣ ልጆቹ ይራባሉ፣ ወረቀቱን መንግሥት መቼ እንደሚከፍለው የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ሸጠው። ከዶላሩ አስራ አምስት ሳንቲም፣ ሃያ ሳንቲም፣ ያገኘውን ይዞ ሸጠው። እንዲያውም ጦርነቱ ሲያበቃ ያልተከፈላቸው ወታደሮች ፊላደልፊያ ድረስ ሄደው ኮንግረሱ የተሰበሰበበትን ቤት ከበውት ነበር፤ የሕዝብ ተወካይ ሁሉ ከተማውን ጥሎ ሸሸ።

ከዓመታት በኋላ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሐሚልተን ተነሥቶ ዕዳው ሁሉ ይከፈል አለ። ወረቀቱ ግን ያን ጊዜ በአብዛኛው የነጋዴ እጅ ገብቷል። ወሬውን ቀድመው የሰሙት ደግሞ ፈጣን መርከብ ተከራይተው ወደ ደቡብ ክፍላተ ሀገር ላኩ፤ ገጠር ያለው ወታደር ሳይሰማ ቀሪውን ወረቀት ለመግዛት። ማዲሰን የሚባለው የቨርጂኒያ ተወካይ ይህ ግፍ ነው አለ፤ ለገዛው ገበያው ያወጣው ትልቁ ዋጋ ይሰጠው፣ የተረፈው ለወታደሩ ይመለስ ብሎ ተከራከረ። ድምፅ ተሰጠ። ሠላሳ ስድስት ለአስራ ሦስት ተሸነፈ። ገንዘቡ ወረቀቱን ለያዘው ተከፈለ።

"የዕዳው አከፋፈል ላይ የነበረው ጭቅጭቅ በዚያ አላበቃም" አለች፤ "ዋና ከተማው እዚህ ወንዝ ዳር የመጣው ራሱ በዚያው ዓመት በዕዳ ጉዳይ በተደረገ ድርድር ነው። አሌክሳንድሪያም በመጀመሪያ በዋና ከተማው ክልል ውስጥ ተካታ ነበር።"

"ሰማችሁ" አለ ክፍሉ። "የምንኖርበት ከተማ ራሱ!"

"አንቺስ ምን ትያለሽ?" አለቻት እናቷ።

ብሩክታይት ትንሽ ተጨነቀች። እናቷን አትፈራም፤ መዋሸት ግን አትችልበትም። "ማሚ፣ ኦነስትሊ፣ እውነቱን ልንገርሽ? ሐሚልተን ፖይንት፣ በቂ ምክንያት፣ ነበረው። የገዛ ሰው ሙሉውን እንደማያገኝ ካወቀ አይገዛም። ያኔ ወታደሩ ሃያ ሳንቲሟንም አያገኛትም። አገሪቱ ከዚያ በኋላ ብድር ያገኘችው በዚያ ምክንያት ነው። ሌላው ነገር፣ ማን ለማን እንደሸጠ መከታተልም ከባድ ነበር። ኢት ወርክድ፤ ሠራላቸው።"

ክፍሉ እጆቹን ዘረጋ፤ በቃ አለቀ እንደማለት።

እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ለድምፅ ይቅረብ ልል አፌን ስከፍት ይርጋለም ተነሣች። ቁመቷ አጭር ነው፤ ቆማም ተቀምጣም ያው ናት። ድምፅዋ ግን ጠጋ ካላልክ የማይሰማበት ደረጃ ደርሷል፤ ሰው ሁሉ ወደ ፊት አዘነበለ።

"ልጄ የተማረችውን ተናገረች፤ ጎበዝ። አሜሪካ ያኔ ማን ለማን እንደሸጠ አልታወቀኝም ብላ ይሆናል። እኔ ግን አውቃለሁ፤ ሁለቱም እፊቴ ተቀምጠዋል። አሜሪካ ብድር ፈልጋ ይሆናል፤ እኔ ከማንም ብድር አልፈልግም። ያ የቨርጂኒያ ሰውዬ በድምፅ ተሸነፈ አልሽ እንጂ ተሳሳተ አላልሽም።" ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞረች። "አንተ የዕድላዊትን ዕጣ አልገዛህም። የገዛኸው የሐሙስን ስብሰባችንን ነው። ስብሰባው የሃያችንም ነበር፤ ለሽያጭ አላወጣነውም። ስለዚህ እንዲህ ፈርጃለሁ፤ የሰጠሃት ሦስት ሺህ አምስት መቶ ይመለስልሃል። ችግሯን ስላሳለፍክላት አምስት መቶ ይጨመርልህ። ዕጣው የሷ ነው።"

"ሥራ የሌላት ሰው!" አለ ክፍሉ። ፊቱ ተቀየረ። "አስር ሺውን በልታ ብትጠፋስ? ማን ነው ዋሷ?"

"እኔ ነኝ።"

"የአውቶቡስ ሹፌር ደመወዝ…"

"አዎ፣ የአውቶቡስ ሹፌር ደመወዝ። ጻፍ ፀሐዩ።"

ጻፍኩ። ብሩክታይት "ማሚ" ብላ ጀምራ ተወችው። ዕድላዊት ብትጠፋ የቀሩትን ዙሮች መክፈል ለይርጋለም ቀልድ አይደለም፤ ልጅ ታስተምራለች፣ ቤቱም ገና ዕዳ ነው።

"እንግዲያው ዕቁቡን እለቃለሁ" አለ ክፍሉ። "ፍርድ ቤት እንገናኛለን። እዚህ ቤዝመንት ውስጥ ሳይሆን በአሜሪካ ሕግ።"

"ክሰሰኝ። አድራሻዬን ታውቀዋለህ፤ ታክሴን አንተ ነህ የምትሠራው። መልቀቅም መብትህ ነው። ያንተም ዕጣ አልወጣም አይደል? ሰባት ሺህህ ዙሩ ሲያልቅ ይመለስልሃል፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ከቸኮልክ ደግሞ ሽጠው። በግማሽ የሚገዛህ አታጣም።"

አንድ ሰው ፈንድቶ ሳቀ፤ ማን እንደሆነ አልናገርም፤ እኔ ነኝ።

"አሁን" አለች ይርጋለም፣ "ፍርዴን ያልፈለገ ሰው አለ ይሆናል። እጅ አውጡ አልልም። የዛሬውን አምስት መቶ ዛሬ ለገንዘብ ያዥ አትስጡ። ተራው የዕድላዊት ነው የሚል እሷ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥ። የክፍሉ ነው የሚል ለክፍሉ ይስጥ። እያያችሁት።"

ይህ በኛ ዕቁብ ተደርጎ አያውቅም። ሰው በሰው ፊት፣ በገዛ ገንዘቡ፣ ፊት ለፊት። መጀመሪያ ማንም አልተነሣም። ክፍሉ የግማሹን ሰው ታክስ ይሠራል፤ የአንዳንዱን የኢሚግሬሽን ወረቀትም ሞልቷል። ሁሉም ጫማውን ያያል። ማንም ካልተነሣ ዕድላዊት ብቻ ሳትሆን ይርጋለምም አለቀላት። ልነሣ ብዬ የታክስ ተመላሼን አሰብኩና ተቀመጥኩ።

ጋሽ ሀቢብ ተነሡ። ዳውንታውን ፓርኪንግ የሚሠሩ፣ ከኛ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡ ሰው ናቸው። ዓመት ሙሉ መጥተው ከሰላምታ በቀር አይናገሩም። ፖስታቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ፣ ክፍሉን ቀስ ብለው አለፉት፣ ዕድላዊት ፊት አስቀመጡ።

"ጋሽ ሀቢብ፣ እርስዎም?" አለ ክፍሉ። "ያን ሁሉ ዓመት ፎርምዎን ስሞላ…"

"ስትሞላ ከፍዬሃለሁ" አሉት። ይህን ብለው ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ሰዉ ተራ በተራ ተነሣ። እኔም ራሴን ረግሜ ተነሣሁ። ሁለት ሰዎች ለክፍሉ ሰጡ፤ አንዱ የሚስቱ ወንድም ነው፣ አልፈርድበትም። ሌላው ግን ሰጥቶት ከተቀመጠ በኋላ ዙሪያውን አየና፣ ተነሥቶ ገንዘቡን ከክፍሉ እጅ መልሶ ወስዶ ዕድላዊት ጋ አስቀመጠ። እንዲህ ዓይነት ነገር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ክፍሉ ብቻ ቀረ። ይርጋለም እጇን ዘርግታ ጠበቀችው። "ያንተም አለ፤ የአማችህም በእጅህ ነው። ካልለቀቅክ ክፈል፤ ከለቀቅክ ሰባት ሺህህን ጠብቅ።"

 ሲያሰላ ይታየኛል፤ የቁጥር ሰው ነው፣ ሒሳቡም ከባድ አልነበረም። ሁለቱን ፖስታ ጠረጴዛው ላይ ወረወረ።

 ይርጋለም "ቁጠሪና ያለበትን ስጪው" ስትላት ዕድላዊት ቀና አለች። ሦስት ሺህ አምስት መቶ ቆጠረች። ተነሥታ ሄዳ በሁለት እጇ ሰጠችው፤ ሥርዓት የምታውቅ ልጅ ናት።

"አምስት መቶውንም" አለች ይርጋለም።

"አልሰጥም።"

ይርጋለም በትክክል የሰማች አልመሰላትም። "ምን አልሽ?"

"እትዬ ይርጋለም፣ ከእግርዎ በታች ነኝ፤ እርስዎ ያሉትን ሁሉ አደርጋለሁ። ይህን ግን አልሰጥም።" ዓይኗ ክፍሉ ላይ ነው። "ዓርብ ቤቴ ሲመጣ ልጄን አቅፎ ሳማት። 'እማማን እኔ እረዳታለሁ' አላት። ሐሙስ የተባለውን እያወቀ፣ ልጄን እግሩ ላይ አስቀምጦ ብሩን ቆጠረልኝ። እኔ ደግሞ አልቅሼ አመሰገንኩት። አንድ ሳንቲም አልጨምርለትም።"

ይርጋለም ዳኛ ናት፤ የፈረደችውን ሰው እፊቷ ሲሽርባት አይቼ አላውቅም። ዕድላዊትን ብዙ አየቻት። ዝቅ ብሎ የነበረው ድምፅዋ ሲመለስ መንገድ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

"ፀሐዩ! ምን ትጠብቃለህ? ጻፍ!"

"ምን ብዬ?"

"ያለችውን።"

"አልሰጥም" ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም የሷንና የዳኛዋን ስም።